ፍሪማርከር ወይስ ቬሎሲቲ?

ኮምቦልቻ ላለ መጋዘን የዕቃ መላኪያ ደብዳቤ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ማውጣት ካለባችሁ ሁለቱም የቴምፕሌት መሣሪያዎች ይሠራሉ። ሁለቱም ነፃ፣ ሁለቱም የአፓቼ (የክፍት ሶፍትዌር ድርጅት) ናቸው። ቴምፕሌቱን፣ ማለትም ባዶ ቦታ ያለውን የደብዳቤ ቅርጽ፣ ትጽፋላችሁ፣ ፕሮግራሙ ስምና ብዛት ሞልቶ ፋይሉን ያወጣል።

ቬሎሲቲ ለመልመድ ቀላል ነው። ችግሩ ዝምታው ነው፤ የደንበኛው ስም ካልተገኘ ምንም ሳይል በቴምፕሌቱ ላይ የባዶ ቦታው መለያ የሆነውን የዶላር ምልክት ከነቫሪያብሉ (ከሚሞላው ቦታ) ስም እንዳለ ያትመዋል፣ ደሴ ያለው ነጋዴም ደብዳቤውን ሲከፍት በስሙ ፋንታ የኮድ ቁራጭ ያነባል። (እንዲህ ሲሆን ስህተት ብሎ እንዲቆም የሚያደርግ ማጥበቂያ ቅንብር አለው፣ ግን ራሳችሁ ካልከፈታችሁት የለም።) ፍሪማርከር ግን እዚያው ቆሞ ይጮሃል፣ የትኛው መስመር ላይ ምን እንደጎደለ ጭምር ይነግራችኋል። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። እኔ ግን የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

የፍሪማርከር ጣጣ ደግሞ ቁጥር ላይ ነው። የደረሰኝ ቁጥር 1500ን እንደ ሎካሉ (የአገርና የቋንቋ ቅንብሩ) 1,500 ብሎ ሊጽፍባችሁ ይችላል፤ ከቫሪያብሉ ኋላ የጥያቄ ምልክትና የእንግሊዝኛዋን ሲ ፊደል ጨምሩ፣ አለቀ።

አማርኛ ከሆነ በሁለቱም የፊደል አቀማመጡን (ኢንኮዲንጉን) ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ በግልጽ እዘዙ። ካላዘዛችሁ ከጃቫ 18 በፊት ባሉት እትሞች፣ በተለይ ዊንዶውስ ላይ፣ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።