ዎኪንግ ፉት ሚባለውን የስፌት ማሽን እግር ገዝቼ ስድስት ወር ሰፋሁበት፣ ይገዛል ወይ ለምትሉኝ

ኩዊልትና ራነር (ጠረጴዛ መሀል ሚነጠፍ ረጅም ጠባብ ጨርቅ) እየሰፋሁ ስጦታ መስጠት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ግን ሁሌ አንድ ነገር ያሳፍረኝ ነበር፦ ፊቱ ያምራል፣ ገልበጥ ሲያረጉት ገበሩ ተጨማዷል። ስጦታ የተቀበለ ሰው ደሞ መጀመሪያ ሚያረገው መገልበጥ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። የወንድሜ ሚስት የሰጠኋትን ራነር ውይ ሲያምር ብላ ገለበጠችውና ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ በሳምንቱ ይሄን እግር ገዛሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ኩዊልት ሶስት ድርብ ነው፦ ከላይ የተቀጣጠለው እራፊ፣ መሀል ባዘቶ ሚመስለው የጥጥ ንጣፍ፣ ከስር ገበሩ። ማሽኑ ጨርቁን ሚስበው ከስር ባሉት ጥርሶች ብቻ ስለሆነ ገበሩ ቀድሞ ይሄዳል ላዩ ይጎተታል፣ ጭምዳዱ ሚመጣው ከዚ ነው። ዎኪንግ ፉት የራሱ ጥርስ አለውና ከላይም ይዞ እኩል ያስኬደዋል፣ በቃ ይሄው ነው። ፋፍ ሚባለው ማሽን ያላችሁ መጀመሪያ ማሽናችሁን እዩት፣ ብዙዎቹ ላይ ይሄንኑ ሚሰራ ነገር እንደ ፈረንጅ ከ1968 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ብር አታባክኑ።

ስትገዙ ሚያሳስተው ማሽናችሁ እግር ሚታሰርበት ዘንግ አጭር ይሁን ረጅም አለማወቅ ነው። እኔ መጀመሪያ ያዘዝኩት አልገጠመም፣ ሻጩም ሳይጠይቀኝ ነው የላከው፣ መልሼ እስኪቀየር ጊዜ ፈጀ። ሲገጠም ደሞ በጎን ያለችው ክንድ የግድ የመርፌው ብሎን ላይ መቀመጥ አለባት። ይቺን ሳላይ አንድ ማታ ሙሉ ምንም ለውጥ የለውም እያልኩ ስሳደብ አመሸሁ፣ ለካ ክንዷ ከስር ነበረች።

በትክክል ሲገጠም ግን ሌላ ማሽን የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ራነር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከመሀል ጀምሬ ወደ ዳር እሰፋለሁ፣ አብሮት የመጣውን መምሪያ ዘንግ ካለፈው መስመር 3 ሳንቲም ላይ አርጌ፣ መስመሩን በጠመኔ ማስመር ቀረልኝ። የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 ወደ 3 ሚሊ ከፍ አርጉት፣ መርፌውንም 90 ቁጥር፣ በቀጭን መርፌ ሶስት ድርብ ስትወጉ ክሩ ይዘላል። ለወንድሜ ሚስት ሌላ ሰፍቼ ሰጠኋት፣ ገለበጠችው፣ አሁንም ዝም አለች ግን ይሄኛው ዝምታ ሌላ ነው።

የህፃን ኩዊልትም ሰፋሁበት፣ 90 በ110 ሳንቲም ምናምን፣ እሱ ላይ ትንሽ ተፈተንኩ ምክንያቱም የቤት ማሽን ውስጡ ጠባብ ነው፣ የተረፈውን ጠቅልላችሁ ታስገቡታላችሁ እሱ ደሞ ከብዶ ወደ መሬት ይጎትታል፣ እግሩ ጥሩ ቢሆንም ክብደቱን ጠረጴዛ ካልተሸከመላችሁ መስመሩ ይጣመማል። እና ይሄ እግር ተአምር አይሰራም፣ ሶስቱን ድርብ በስፒል ወይ በክር በደንብ ሳትወሰውሱ ከገባችሁ ይጨማደዳል፣ አይቼዋለሁ። ስጦታ ከሆነ ደሞ ቀይና ጥቁር ጨርቅ ቀድማችሁ እጠቡ፣ ነጩ ላይ ከለቀቀ በኋላ ሰውየው ይደውልላችኋል ወይም ጭራሽ አይደውልም።

ማይሆንበትም አለ። አበባ ምናምን እየዞራችሁ መስፋት ከፈለጋችሁ እርሱት፣ ወደፊት ብቻ ነው ሚሄደው፣ ለዛ ሌላ እግር አለ። እራፊ ለመቀጣጠልም አልወደድኩትም፣ ወፍራም ስለሆነ ከስፌቱ ውጪ ምትቀረውን የ6 ሚሊ ጠርዝ አያሳይም፣ እሷን በድሮው እግር ነው ምሰራው። ጠርዙን ስለብጥ ግን፣ 6.5 ሳንቲም ጥብጣብ አጥፌ፣ መልሼ ይሄንኑ ነው ማስገባው፣ እዛ ጋ ድርቡ ስለሚበዛ በደንብ ይጠቅማል።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በጩኸቱ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ብትሰፉም ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እግሩን ሚያስረው ብሎንም በንዝረት ስለሚላላ ክር በቀየራችሁ ቁጥር ጠበቅ አርጉት፣ እኔ ሳላጠብቅ መርፌ ሰብሬበታለሁ።