ለገጣፎ ያስቀየርኩት ባሌስትራ

ከሰንዳፋ ጤፍ ጭኜ ስመለስ የሃይሉክሴ የኋላ ግራ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል) ቋ ብሎ ተሰበረ። ዋናው ቅጠል ነው። ያን ጊዜ ሌላ ጋራዥ በየደልኝ፤ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ባሌስትራ አይበየድም! ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

የለገጣፎው መካኒክ ግን ገና ሲያየው፣ «ጋሼ፣ ሁለቱንም ጎን እንቀይር፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ትዘማለች» አለኝ። ያረጁትን ጎሚኒዎችም (በባሌስትራው ጫፍ ያሉትን ላስቲኮች) አብሮ ቀየረ። በጣም ደስ ያለኝ፣ የጎሚኒዎቹን ቡሎን ጠበቅ ያደረገው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ ጎማው መሬት ከያዘ በኋላ ነው። አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። መጠበቂያ ወንበር የለውም፤ ከሰዓቱን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። «500 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ይመለሱ» ብሎኝ ስመለስ የባሌስትራዎቹን ዳዶዎች በነፃ አጠበቀልኝ።