አባቴን ወደ ግራ ላዞረልን ባለሙያ

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት ማግስት አባቴን ስትሮክ መታቸው። ግራ እጃቸውና እግራቸው ዛለ፤ አንደበታቸውን ግን እግዚአብሔር ተወላቸው። እኛን ግራ ያጋባን ሌላ ነበር። እንጀራውን ከቀኝ በኩል ብቻ ይበሉና ግማሹ ከነወጡ ፊታቸው ተቀምጦ «ጨምሩልኝ እንጂ» ይላሉ። ዓይናቸው የደከመ መስሎን መነጽር አሠራንላቸው። አንድ ክሊኒክም «ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኘን።

የነገሩን ምሥጢር የነገረን ቤት ድረስ እየመጣ የሚያሠራቸው ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ሰው በግራው ያለውን ዓለም ሊዘነጋ ይችላል፤ ዓይን ያያል፣ አእምሮ ግን ልብ አይለውም። ሰዓት እንዲሥሉ ሲጠይቃቸው 12ቱንም ቁጥር በቀኝ በኩል አጨቋቸው።

ልምምዱ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንደር ፒያሳ ልብስ የሰፉት አባቴ «እንደ ሕፃን አታስጭረኝ» ብለው እምቢ አሉ። ልጁ አልተከራከራቸውም። አንድ ቅዳሜ ራስ ግምብ ሙዚየም ወሰዳቸው፤ በሳምንቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን።

የጣሪያውን መላእክት የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ ዓይናቸው የጎላ፣ ክንፍ ያላቸው ፊቶች በረድፍ በረድፍ። «ጋሼ፣ ከግራው ጥግ ጀምረው ይቁጠሩልኝ» አላቸው። አንገታቸው እንዳይደክም ወንበር አስመጥቶ፣ ሁለት ረድፍ ብቻ። ከዚያ ከግቢው ዛፎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ያዩትን ይሥላሉ። ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ ከአባቴ ከራሳቸው ማጠንጠኛ የተቆረጠ ቀይ ክር ተለጥፏል፤ ዓይናቸው ክሩን ሳያገኝ እርሳስ አይነሣም። የመጀመሪያው መልአክ አንድ ክንፍ ብቻ ነበረው።

ጫማ ማውለቁ ራሱ ሥራ ነው። ላግዛቸው ጎንበስ ስል «ተወው» ይለኛል። አንድ ቀን የግራው ጫማ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ በሩ ላይ የነበሩት ካህን ሳይሰለቹ ቆመው ጠበቁን።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ በካናዳ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ2018 ሐኪሞች ለሕሙማን የሥዕል ሙዚየም ጉብኝት በማዘዣ መጻፍ ጀምረው ነበር።

እጃቸው ድኗል አልልም፤ ገና መርፌ አይዙም። ክፍያውም ከታክሲው ጋር ሲደመር ይከብዳል። ባለሙያው ቆፍጣና ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ሳያረጋግጥ ሥራ አይጀምርም፣ ቤተሰብ ሲያባብልም አይወድም። ነገር ግን ከአልጋ አልነሣም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ዓርብ ማታ ካልሲያቸውን አዘጋጅተው ይተኛሉ። ባለፈው ሳምንት የሣሉት መልአክ ሁለት ክንፍ አለው፤ የግራው ትንሽ አንሷል፣ «ይህ ልኬት ይስተካከላል» ብለዋል።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤቱ የታመመ ያለበት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኩን አስፈቅጄ እልካለሁ። ቅዳሜን ብቻ አትጠይቁ፤ አባቴ ይዘውታል።