የእሳት አደጋ ልብስ፦ በልክ የተሰፋ፣ ዝግጁ ወይስ ሰልባጅ?

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች በበጎ ፈቃደኝነት እሳት አደጋ የሚያገለግሉ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ጣቢያችን 15,000 ዶላር አለው፤ ምን እንግዛ?» መልሱ አጭር ነው። ዝግጁ ልክ ያለው አዲስ ልብስ፣ በቁጥር ጥቂት አድርጋችሁ ግዙ። ሰልባጁ ርካሽ የሚመስለው ሒሳቡ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ታዝዞ የሚሰፋ ኮትና ሱሪ 3,500 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ለመድረስም ወራት ይፈጃል። ተሰፍቶ መጋዘን የተቀመጠው ግን 2,300 አካባቢ ይገኛል። ሁለቱንም የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ደረጃ ከተመረቱ ከ10 ዓመት በኋላ ከአገልግሎት ያስወጣቸዋል። ስለዚህ የታዘዘው በዓመት 350፣ ዝግጁው 230 ዶላር ይመጣል። ሰልባጁን በ600 አግኝታችሁ የቀረው ዕድሜ 3 ዓመት ከሆነ፣ ለባለሙያ እጥበትና ምርመራ 200 ስትጨምሩበት በዓመት 267 ሆነ። ከአዲሱ በለጠ ማለት ነው፤ ጥገናው ገና አልተቆጠረም።

ለታዘዘው የሚጨመረው 1,200 ዶላር በአብዛኛው የሚሄደው ለኪስ፣ ለስም ጽሑፍና ለቀለም ምርጫ ነው። በሙቀት መከላከያ መለኪያው ሁለቱም ቢያንስ 35 ማምጣት አለባቸው፤ ይኸውም በብርቱ ነበልባል ፊት ቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስበት 17.5 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ብላችሁ ወፍራም ገበር አትምረጡ፤ የሰውነትን ሙቀት አፍኖ ይይዝና ሰው በራሱ ላብ ይዝላል። ታዝዞ መሰፋት የሚገባው ዝግጁው ልክ አልሆን ላለው ሰው ብቻ ነው። ፈተናውም ቀላል ነው፦ የመተንፈሻውን ጋን ሳይሸከም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቁም፣ ከዚያም ከወገቡ ይጎንበስ። ኮቱና ሱሪው በሙሉ ድርባቸው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር መደራረብ አለባቸው። ወገቡ ላይ ክፍተት ከታየ ልኩ አይደለም።

ሰልባጅ መግዛት ግድ ከሆነ ከ5 ዓመት በታች የሆነውን፣ የእጥበትና የጥገና መዝገብ ያለውን ብቻ። ገበሩን ከውጨኛው ጨርቅ ለዩትና የሁለቱን መለያ ጽሑፎች አስተያዩ፤ የምርት ቀናቸው ካልገጠመ ገበሩ ከሌላ ኮት የመጣ ነው። ቀጥሎ ከገበሩ ድርቦች ውሃ የማያሳልፈውን፣ እርጥበት ከልካዩን ፈትሹ። አንድ እጅ የፋርማሲ አልኮል ከስድስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ሙቀት ከልካዩ ወደ ታች፣ እርጥበት ከልካዩ ወደ ላይ ሆኖ ገበሩን ባልዲ አፍ ላይ ዘርጉ፤ አንድ ኩባያ አፍሱበትና 3 ደቂቃ ጠብቁ። በሥር በኩል ከራሰ አልቋል። ትከሻው፣ ብብቱ፣ ጉልበቱና በጭኑ መሐል ያለው ስፌት ቀድመው ይሄዳሉ። ይህን ደግሞ የሠፈር ልብስ ሰፊ አይጠግነውም፤ አምራቹ ወይም ፈቃድ ያለው ጥገና ቤት ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም ልብሱን ከገዛችሁበት ሊበልጥ ይችላል። ከኮቱ ጀርባ የወደቀን ሰው ለመጎተት የሚያገለግለው ጠፍር መኖሩንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ለእጥበት ወጥቶ እዚያው የሚቀር ዕቃ ነው።

በኢንተርኔት በ150 ዶላር የሚሸጠውን አዲስ ልብስ ግን በነፃም አትቀበሉ። «በኤንኤፍፒኤ የጸደቀ» ብሎ የሚሸጥላችሁን ተጠራጠሩ፤ ኤንኤፍፒኤ ደረጃ ያወጣል እንጂ ዕቃ አያጸድቅም። ምርመራውን የሚሠሩት እንደ ዩኤልና ኤስኢአይ ያሉ ድርጅቶች ናቸው፤ ምልክታቸው መለያው ላይ መኖር፣ ሞዴሉም በዝርዝራቸው ውስጥ መገኘት አለበት። ፎርጂዱን ክሩም ያጋልጠዋል፦ ከውስጥ እጥፋት ትንሽ ክር ምዘዙና ክብሪት አስነኩት። ትክክለኛው ከስሎ ይቀራል፤ ፎርጂዱ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይድቦለቦላል። እሳት ውስጥ ስፌቱ ተተርትሮ ልብሱ ይለያያል።

እንግዲህ 15,000ው እንዲህ ይከፈል። ቦት ጫማ፣ ሄልሜት፣ ጓንትና የራስ መሸፈኛ ለአንድ ሰው 1,000 ዶላር ያህል ስለሚጨምሩ፣ አንድ ሙሉ ዝግጁ ልብስ 3,300 ይደርሳል። አራቱ 13,200 ሆኑ፤ እነዚህ የሚቃጠል ቤት ውስጥ ለሚገቡት ናቸው። በቀረው 1,800 ለሣርና ለጫካ እሳት የሚሆን ስስ ልብስ በ350 ሒሳብ ለአምስት ሰው ይገዛል። የትንሽ ጣቢያ ጥሪ ብዙው ከቤት ውጭ ነውና ከባዱን ልብስ ከማርጀት ያድነዋል። ስሱን ለብሶ ግን ማንም ቤት ውስጥ አይግባ፤ ለሹፌሩም፣ ለአለቃውም ቢሆን ይህ አይላላ።

የፌዴራሉን የእሳት አደጋ ድጎማም ጠይቁ። ከ20,000 ያልበለጠ ሕዝብ የሚያገለግል ጣቢያ ከራሱ የሚያወጣው 5 በመቶ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ በረኪና አታስነኩት፤ ውሃው ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ። የጨርቁን ጥንካሬ ፀሐይ ትበላዋለች።

ዕድሜው ያለፈውን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስቡ አሉ። ለእሳት ማጥፊያ አይላክ፤ እዚህ ሰው የማያድን ገበር እዚያም አያድንም። እሳት ለሌለበት ልምምድ ከሆነ ኮቱም ሱሪውም ላይ «ለልምምድ ብቻ» ተብሎ በማይለቅ ቀለም፣ በጉልህ በአማርኛ ይጻፍበት።