የጦሳ ተራራ ወይስ ባዶው መቃብር?

«ለምን ታምናለህ?» ለሚሉኝ ሁለት መልስ አለኝ።

አንዱ ፍጥረት ነው። ደሴ ላይ በማለዳ ጦሳ ጉሙን ሲያራግፍ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ እንዲያው የመጣ አይመስለውም። ግን ፈጣሪ አለ ከማለት አያልፍም። ሙስሊሙ ጎረቤቴም ይህንኑ ይላል፤ ቡና እየጠጣን እንስማማበታለን። ወሎ አይደል!

ሁለተኛው ትንሣኤ ነው። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይሄ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የተነሣውን ክርስቶስን ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች በአንድ ጊዜ እንዳዩት፣ አብዛኞቹም ገና በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ሂዱና ጠይቋቸው እንደማለት ነው። ጌታ ሲያዝ የሸሹት ደቀ መዛሙርትስ በኋላ እንዴት ደፈሩ? በፍርሃት የተበተነ ሰው ውሸት መሆኑን ለሚያውቀው ነገር አይገረፍም።

ላሊበላ፣ ከአለት ከተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ፣ በፋሲካ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ዐይኔ እንባ የሚሞላው ለዚህ ነው።