«ኑማይት» ተብሎ የመጣልኝ ጥቁር ድንጋይ፦ ከ5 ኮከብ 3

ድንጋዩን ወድጄዋለሁ፤ ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ኦንላይን ያዘዝኩት የግሪንላንድ ኑማይት ነበር፣ የመጣው ግን ላርቪካይት ነው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ብልጭ ብልጭ የሚሉ ስለሆኑ ሻጩ ራሱ ተሸውዶ ሊሆን ይችላል። ዋጋቸው ግን አይገናኝም፤ ውዱ ኑማይት ነው።

መጀመሪያ መብራት ስር ይዤ ቀስ እያልኩ አዟዟርኩት። የኑማይት ብልጭታ ቀጠን ረዘም ያለ ነው፤ ጭረት ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ወርቃማ። የእኔው ላይ ግን የትንሿን ጣቴን ጥፍር የሚያካክሉ ጠፍጣፋ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ቦግ ሲል ጎረቤቱ ይጠፋል፣ ቀለሙም ብርማ ሰማያዊ ነው። ብረት የተበተነበት ይመስላል እንጂ ያ ብልጭታ ከብረት አይደለም። ቅልጥ አለት መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የተሠራ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ነው፤ ውስጡ ያሉት ስስ ድርብርቦች ናቸው ብርሃኑን እንዲህ የሚጫወቱበት።

ጥርጣሬ ስለማይበቃ ወደ ሚዛን ሄድኩ። ደረቁን 81 ግራም መዘነ። ከዚያ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩትና ድንጋዩን በክር አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። ክሩ አምልጦኝ ታች ሲያርፍ መልሶ 81 አለኝና ግራ ገባኝ፤ ለካ የብርጭቆውን ወለል መንካት የለበትም። በሁለተኛው 30 አለ፤ ይሄ ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። 81 ለ30 ሲካፈል 2.7፣ ማለትም ድንጋዩ ከእኩል መጠን ውሃ 2.7 እጥፍ ይከብዳል፤ ይሄ የላርቪካይት ቁጥር ነው። ኑማይት ቢሆን 3 አካባቢ መምጣት ነበረበት።

ዋጋውስ? ላርቪካይት ኖርዌይ ውስጥ ላርቪክ ከተማ አካባቢ በትልልቅ ብሎክ ተቆርጦ የሚወጣ፣ ሕንፃ የሚለበስበት ድንጋይ ነው፤ «ብሉ ፐርል» ሲባል የሰማችሁት እሱን ነው። «ጥቁር ላብራዶራይት» ብለው የሚሸጡትም አሉ። ስለዚህ «ብርቅ ነው» ተብሎ የሚጨመር ሂሳብ አይሠራበትም። የሚከፈለው ለሙያው ነው፦ በየት በኩል እንደተቆረጠና እንዴት እንደተወለወለ። የእኔው ፊቱ ቆንጆ ነው፣ አንድ ጉድጓድ እንኳ የለውም፤ ጀርባው ግን አስፋልት ነው፣ ምንም አይበራም።

ፎቶውንና ስሌቱን ስልክለት ሻጩ ሳይከራከር የዋጋውን ልዩነት መለሰልኝ። ድንጋዩን አስቀረሁት። ገጹ ላይ ግን አሁንም «ኑማይት» ይላል፤ ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚያ ነው።