የተሻሻለ ስካይላይን ጂቲ-አርን መንዳትና መሸጥ፦ የባለቤት ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1991 የተመረተውን ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር፣ በአድናቂዎቹ አጠራር አር32ን፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ከአንድ ዓመት በላይ ነድቼ በቅርቡ ሸጬዋለሁ። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ስለተጻፈ፣ እኔ በዋናነት የምገመግመው የተሻሻለ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋውን ምን ያህል እንደሚይዝ ነው።

በአነዳዱ ቅሬታ የለኝም። ባለ 2.6 ሊትሩ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር በሁለት ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ በግፊት በሚያስገባ መሣሪያ) የሚታገዝ ሲሆን፣ የጃፓን አምራቾች በዚያ ዘመን በነበራቸው ስምምነት ምክንያት ጉልበቱ በወረቀት ላይ ከ280 የፈረስ ጉልበት አላለፈም። በተለመደው ጉዞ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል፤ እነርሱ መንሸራተት ሲጀምሩ ግን እስከ ግማሽ የሚደርሰው ወደ ፊት ይተላለፋል፤ የዚህም ጥቅም በዝናብ ቀን በግልጽ ይታያል። ከእኔ በፊት የነበረው ጃፓናዊ ባለቤት ማርሚታውን፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን ቀይሮ የቱርቦውን ግፊት ከፍ አድርጎታል። ማርሚታው በረጅም መንገድ ጆሮ ያደክማል፤ አሞርዛተሩም ለተቦረቦረ የከተማ መንገድ እጅግ ደረቅ ነው። የቀኝ መሪውን ቶሎ ለመድኩት፤ በጠባብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና መቅደም ግን እስከ መጨረሻው አስቸጋሪ ነበር።

ለመሸጥ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ መኪና ነጋዴ ነው። የዋጋ ማስሊያ ፕሮግራሙ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ሲጠይቅ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራው መኪና ያለው ግን በ«ቢኤንአር32» የሚጀምር አጭር የሻንሲ ቁጥር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የማያውቀውን መኪና ነጋዴው በግምት፣ ያውም ለራሱ በሚያመች ግምት ይገዛል፤ ስለዚህ ያለኝ አማራጭ ቀጥታ ገዢ መፈለግ ሆነ።

ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወረቀት ይጠይቃል፦ የጃፓንን የኤክስፖርት ሰርተፊኬት፣ መኪናው ጃፓን ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ የተሰጠውን የምርመራ ወረቀት፣ የአሜሪካን ጉምሩክ ሰነድና የጥገና ደረሰኞችን። ከሁሉ በላይ ያከራከረን የቱርቦው ግፊት ነው፤ ምክንያቱም የፋብሪካው ቱርቦ የሚሽከረከር ክፍሉ ከሴራሚክ የተሠራ በመሆኑ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ሊሰበር ይችላል። ገዢው የሞተሩን ጤንነት የሚያሳየው የሲሊንደር ግፊት ተለክቶ ውጤቱን ካየ በኋላ ነው ስለ ዋጋ ማውራት የጀመረው። ለማርሚታውና ለአሞርዛተሩ አንድም ዶላር አልጨመረም፤ በሣጥን ላስቀመጥኳቸው የፋብሪካ ዕቃዎችና ለአዲሱ የዘይት ፓምፕ ደረሰኝ ግን ሳያንገራግር ከፈለ። የመጀመሪያዎቹ የዚህ ሞተር ምርቶች የዘይት ፓምፕ መንጃቸው ደካማ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ፍርዱ ትክክል ነበር እላለሁ።

የኪሎሜትር ቆጣሪው ጃፓን ሳለ በሰዓት እስከ 320 ኪሎሜትር በሚያነብ የኒስሞ (የኒሳን የእሽቅድምድም ክፍል) ዳሽቦርድ ቆጣሪ ተተክቷል። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ዕድሜ መኪና የኪሎሜትር መግለጫ ባያስገድድም፣ ትክክለኛው ቁጥር እንደማይታወቅ በውሉ ላይ ጻፍኩ፤ ይህም ዋጋውን ከመጉዳት ይልቅ ድርድሩን አሳጠረው።

ከካሊፎርኒያ የጠየቁ ሰዎች የግዛቲቱን የጭስ ልቀት ማረጋገጫ ወጪ ሲያስቡ ወዲያው ተዉት። አንድ ሰው ደግሞ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይውን ከነ ጭማሪ ገንዘብ ሊለውጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የሱባሩው ታይትል (የእኛው ሊብሬ) በባንክ ዕዳ ስለተያዘ አልገፋሁበትም። ዘመዶቼ ለምን አዲስ አበባ እንደማልልከው በየጊዜው ይጠይቁኝ ነበር፤ የቀኝ መሪው፣ በ2020 በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው የኤክሳይዝ ታክስና በ2024 የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ ግን ጥያቄውን ገና ከጅምሩ ይዘጉታል።

በቨርጂኒያ ሰሌዳው የሻጩ ስለሆነ መኪናው ከግቢዬ ሳይወጣ ፈትቼ አስቀረሁት፤ ሽያጩንም ለሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ካሳወቅሁ በኋላ ኢንሹራንሱን አቋረጥኩ።